ልጆቼን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

«ከ14 ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ወጥቼ በሜሪላንድ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 11፣ ሴቷ 6 ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም የተወለዱት እዚሁ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ 79 ዓመት ሞልቷታል፤ የልጅ ልጆቿን ከስልክ በቀር በአካል አይታቸው አታውቅም። ለገናና ለጥምቀት ሦስት ሳምንት ይዣቸው ልሄድ ትኬት ልቆርጥ ስል ባለቤቴ እምቢ አለ። እሱም ኢትዮጵያዊ ነው፤ ነገር ግን ገና በልጅነቱ የወጣ ስለሆነ ‹ታዳጊ አገር ነው፤ መንገዱ፣ በሽታው፣ ጦርነቱ፤ ልጆቼን ለፎቶ ብዬ አላጋልጥም› ይለኛል። በሌላ በኩል አጎቴና ወንድሞቼ ከአሁኑ ሁሉንም ነገር ጨርሰዋል። በአጎቴ መኪና ደብረ ታቦር ድረስ ሄደን እናቴ ለልጆቼ የተሳለችውን ስለት እናደርሳለን፤ በዚያው ጎንደርን እናሳያቸዋለን ብለው ይጠብቁናል። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው፤ ምንም አልሆንኩም። ግን ሌሊት እንቅልፍ አጣለሁ። አገሬን የፈራሁ ሰው ልሁን ወይስ ልጆቿን ያጋለጠች እናት? ምከሩኝ።»

ውድ እኅቴ፣

መልሴን አስቀድሜ ምክንያቱን ላስከትል፤ ልጆችዎን ይዘው ይሂዱ፤ ዘመዶችዎ ያዘጋጁልዎትን ጉዞ ግን አይሂዱ። እርስዎና ባለቤትዎ መግባባት ያቃታችሁ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለተጠሩ ይመስለኛል። እርስዎ «አገር ቤት» ሲሉ የእናትዎ ሳሎን ይታይዎታል፤ እሳቸው «አገር ቤት» ሲባሉ የዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ መንገድ ይታያቸዋል። ሁለታችሁም ስለምታዩት ነገር ልክ ናችሁ፤ ነገር ግን የምትከራከሩት ስለ አንድ ጉዞ አይደለም።

«ታዳጊ አገር» የሚለው አነጋገር ቅር እንዳሰኘዎት ከደብዳቤዎ ያስታውቃል። እኔንም ደስ አይለኝም፤ ሆኖም ቅሬታችን ቃሉ የሚጠቁመውን እውነት እንዳይሸፍንብን እሰጋለሁ። ልጅ ሜሪላንድም ይወድቃል፤ ሜሪላንድም ትኩሳት ይይዘዋል። ትልቁ ልዩነት ያለው ልጁ ከወደቀበት ቦታ ተነሥቶ ሐኪም እጅ እስኪገባ ባለው ርቀት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ሐኪም፣ ላቦራቶሪና ራጅ በግል ሆስፒታሎች ይገኛሉ፤ ከከተማው በራቁ መጠን ግን አምቡላንሱ፣ ደሙ፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ሁሉ አብሮ እየራቀ ይሄዳል። ስለዚህ «ኢትዮጵያ ለልጆች አደገኛ ናት ወይስ አይደለችም?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሊገኝለት አይችልም። መልስ ያለው ጥያቄ ከየት እስከ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው መኪና፣ ማን እየነዳ የሚለው ነው። እኔ በበኩሌ እያንዳንዱን የጉዞ ክፍል ለብቻው አውጥቼ ስመዝን ጉዳቱ የመድረስ ዕድሉን ብቻ ሳይሆን ከደረሰ በኋላ የሚመለስ መሆን አለመሆኑንም እጠይቃለሁ። ሦስት ቀን የሚያስቀምጥ ተቅማጥ ሊደርስ የሚችል፣ ግን የሚያልፍ ነገር ነው። በተቃራኒው የመድረስ ዕድላቸው ትንሽ ሆኖ አንዴ ከደረሱ የማይመለሱ ነገሮች አሉ፤ ጥንቃቄያችንን ማከማቸት ያለብን እነዚያ ላይ ነው።

ትርፉን እናስቀድም፤ ባለቤትዎ «ለፎቶ» ያሉት እሱን ስላላዩት ነውና። ሦስት ሳምንት ልጆችዎን አማርኛ ተናጋሪ አያደርጋቸውም፤ ማንነታቸውንም ጨርሶ አይገነባላቸውም፤ ይህን ተስፋ አድርገው የሚሄዱ ወላጆች ቅር ብሏቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። እኔ ያየሁት ትርፍ ከዚህ ያነሰና የበለጠ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደ ልጆችዎ ውጭ አገር የተወለደ የ10 ዓመት የእኅቴን ልጅ ይዘን አያቱ ቤት ሄደን ነበር። ሽማግሌዎች ለምሳ ሲቀመጡ አያቱ ማስታጠቢያውን በግራ፣ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ እጁ አስያዘችውና ወደ መጀመሪያው አዛውንት በእጇ ገፋ አደረገችው። ውሃው በዝቶ የሰውዬውን እጅጌ አራሰው፤ ልጁም ደነገጠ። አዛውንቱ ግን ክንዱን ያዝ አድርገው ማንቆርቆሪያውን ቀና አደረጉለትና ታጥበው ሲጨርሱ «እደግ፣ ተመንደግ» አሉት። ትርጉሙን ማንም አልነገረውም። በሦስተኛው ቀን ሌላ እንግዳ ሲመጣ ሳይታዘዝ ተነሥቶ ማስታጠቢያውን ከጓዳ ይዞ ወጣ። በዚያ ቤት ውስጥ እሱ ብቻ የሚሠራው ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ከተመለሰም በኋላ አያቱ ስትደውል ስልኩን ከእናቱ እጅ ይቀማ ጀመር።

ልብ ይበሉልኝ፤ ይህ ሁሉ የሆነው ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ነው። የእርስዎም ጉዞ ትርፍ በአብዛኛው ያለው አደጋው አነስተኛ በሆነበት በእናትዎ ቤት ነው፤ አደጋው ደግሞ በአብዛኛው ያለው ትርፉ ተጨማሪ በሆነበት በመንገዱ ላይ ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ ለሁሉም መንገደኛ አይገኝም፤ ዳሎልን ወይም የሰሜን ተራሮችን ለማየት የሚሄድ ሰው አደጋውንና ትርፉን መነጠል አይችልም፤ እርስዎ ግን ይችላሉ።

ወደ ደብረ ታቦርና ጎንደር የታሰበውን ጉዞ በተመለከተ ግልጽ ልሁን። የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ቢቆምም በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በታጣቂዎች መካከል ሌላ ግጭት ተነሥቷል፤ ከአዲስ አበባ በጎጃም በኩል ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይም መንገደኞችን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ በተደጋጋሚ ደርሷል። አጎትዎ «እኛ በየጊዜው እንመላለሳለን» ብለው እንደሚያጽናኑዎት እገምታለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን እሳቸው የሚመላለሱት መንገዱ ሲዘጋ የት እንደሚያድሩ፣ ማንን እንደሚጠይቁ፣ መቼ እንደሚመለሱ እያወቁ ነው። ከአሜሪካ የመጡ ሁለት ልጆች የተቀመጡበት መኪና በመንገዱ ላይ ሌላ ዓይነት መኪና ነው፤ ለእሳቸውም ጭምር። በአውሮፕላን ጎንደር መድረስ የመንገዱን አደጋ ያስቀራል፤ ሆኖም ከኤርፖርቱ ወዲያ ያለውን ሁኔታ አይለውጥም፤ ደብረ ታቦርም ከዚያ በኋላ የመኪና መንገድ አለው። ብቻዎን ቢሆኑ ኖሮ የወቅቱን ሁኔታ አጣርተው ራስዎ ይወስኑ እልዎ ነበር። የ6 ዓመት ልጅ ግን የራሷን አደጋ አመዛዝና ልትቀበል አትችልም።

የጎንደር ጥምቀት በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ሲከበር ላየው ሰው የማይረሳ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መቅረቱም እንደሚቆጭዎ ይገባኛል። ቢሆንም ፋሲለደስ ከተማዋን ከመሠረቷት ከ1636 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኖረው ጎንደር ሌላ አምስት ዓመት ልጆችዎን ሊጠብቃቸው ይችላል፤ የ79 ዓመት እናትዎ ይጠብቁ እንደሆን ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ጥምቀትን ልጆችዎ አዲስ አበባ ጃን ሜዳ ላይ ታቦታቱ ሲገቡና ሲወጡ ያዩታል፤ በዓሉ ያው በዓል ነው። ሕዝቡ እጅግ ብዙ ስለሚሆን ትንሿን ልጅ መሐል ሳያስገቡ ታቦታቱ በሚያልፉበት ጎዳና ዳር፣ ዘመድ ወይም የምታውቁት ሰው ቤት አጠገብ ሆነው እንድታይ ቢያደርጉ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልምጣ። ባለቤትዎ «መንገዱ» ብለው በአንድ ቃል ያለፉት፣ እርስዎም ያላነሡት የመኪና አደጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በመንገድ ትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ ከዚህም 92 በመቶው የሚሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የእኛን አገር መንገድ በሌሊት የሄደ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። የተበላሸ የጭነት መኪና መብራት ሳይኖረው አስፋልቱ ላይ ይቆማል፤ ሾፌሩም ለማስጠንቀቂያ ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የሚያገኘው ድንጋዩን ነው። በዚህ ላይ ከብቱ፣ ጋሪው፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና የሚወጣው የዓባይ ጠመዝማዛ አለ። ስለዚህ ከከተማ ውጭ፣ የትም ይሁን የት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከልጆች ጋር መኪና ውስጥ አለመገኘት ይህ ሁሉ ምክር ተረስቶ አንድ ብቻ ቢቀር እንዲቀር የምፈልገው ነው።

ከተማ ውስጥም ቢሆን የደኅንነት ቀበቶውን ነገር አደራ። ብዙ መኪኖች ላይ የኋላ ወንበር ቀበቶ የለም ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አለ። ባለቤቱ የወንበር ልብስ ሲያስሰፋ መቆለፊያው ከሥር ተቀብሮ ነው የቀረው። ልብሱን ገለጥ አድርጎ እጅን በወንበሩ ስንጥቅ ቢያስገቡ ይገኛል፤ ሳንቲምና የፀጉር ማስያዣም አብሮ ይወጣል። እኔ ይህን ያደረግሁባቸው ሾፌሮች መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል፤ ቀጥሎ እነሱም ይረዱኛል። ለትንሿ ልጅ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫዋን ከአሜሪካ ይዘው ይሂዱ፤ እዚያ ፈልጌ እገዛለሁ አይበሉ።

ይህን ስጽፍ ግን አንድ ነገር ይታወቀኛል። ቀበቶውን ማግኘት ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው አጎትዎ በጉጉት እየጠበቁ፣ ዘጠኝ ሰው አምስት ሰው በሚይዝ መኪና ውስጥ ተጠጋግቶ፣ አክስትዎ ትንሿን ልጅ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ነይ፣ ምን ትጠብቂያለሽ» ሲሉ «አይሆንም፣ ቀበቶ ትሰር» ማለት ነው። ወደ ታዳጊ አገር የሚሄድ የውጭ አገር ሰው አደጋው ከማያውቀው ነገር ይመጣል፤ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው አደጋው የሚመጣው ከይሉኝታ ነው። ቱሪስቱ ያልተፈላ ወተት ሲቀርብለት «አልጠጣም» ብሎ ያልፋል፤ እርስዎ ግን ያንን ወተት የምትሰጥዎት ልጆችዎን ለማየት ከገጠር የመጣች የእናትዎ ዘመድ ስትሆን እምቢ ማለት እንደ ስድብ ይከብድዎታል። ቱሪስቱ ማታ መንገድ ለመውጣት ቢጠየቅ ሆቴሉ ያድራል፤ እርስዎ ለቅሶ መድረስ አለብዎ። ለልጆችዎ እፈራለሁ የምለው ይህን ነው፤ ደብዳቤዎ ውስጥም «ከአሁኑ ሁሉንም ነገር ጨርሰዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከጦርነቱ ይልቅ አሳስቦኛል።

«እኔ ያደግሁት እዚያ ነው፤ ምንም አልሆንኩም» ያሉትንም ሳልመልስ አላልፍም፤ እኔም ብዬው ነበርና። ልጄ የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ባሕር ዳር ይዤው ሄድኩ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ወባ አለባት። የወባ መከላከያ መድኃኒት አላስያዝኩትም፤ አጎበርም አልዘረጋሁለትም፤ እኔ ልጅ ሆኜ ማን ዘርግቶልኝ! በሰላም ተመለስን፤ ትምህርት ተጀመረ፤ ጉዞው ተረሳ። ከሦስት ወር በኋላ ልጁ ብርድ ብርድ ብሎት በትኩሳት ነደደ፤ በማግስቱ ደኅና ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን እንደገና ነደደ። የወሰድኩት ክሊኒክ የተለመደ ጉንፋን ነው ብሎ ሁለት ጊዜ መለሰን፤ እኔም የት እንደነበርን መናገር ትዝ አላለኝም። በሦስተኛው ጊዜ አንዲት ነርስ ጠየቀችኝ፤ ደሙ ተመረመረ፤ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ተገኘበት። ይህ ዓይነት ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከርሞ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ የመከላከያ ክኒኑን በአግባቡ የዋጠ ሰው እንኳ ከዚህ ሙሉ በሙሉ አይድንም። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህም፣ ቶሎ የሚገድለው ፋልሲፓረምም አሉ። ልጄ ዳነ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ የተሰማኝን ጥፋተኝነት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የተማርኩት ይህን ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ በመያዝ ያገኘው ከፊል መከላከያ ከወጣ በኋላ እየጠፋ ይሄዳል፤ ውጭ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም። አሜሪካ ውስጥ በወባ ከሚታመሙት አብዛኞቹ ቱሪስቶች ሳይሆኑ እንደ እርስዎና እንደ እኔ ዘመድ ጥየቃ ሄደው የተመለሱ ሰዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ሐኪም ሳንጠይቅ እንሄዳለን። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ከአዲስ አበባ በቀር ከ2,500 ሜትር በታች ላለ የኢትዮጵያ አካባቢ ሁሉ መከላከያ መድኃኒት ይመክራሉ። እናትዎ ቤት ብቻ ከሆኑ ክኒኑ አያስፈልግዎትም፤ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ለማደር ካሰቡ ግን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ከተመለሱም በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ልጅ ባተኮሰው ቁጥር መጀመሪያ የሚናገሩት ቃል «ኢትዮጵያ ነበርን» የሚለው ይሁን።

የማይመለሱ አደጋዎች እንዳሉ አስቀድሜ ጠቅሼ ነበር፤ የአንዱን ስም ልጥራ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማንንም አያተርፍም ለማለት ይቻላል፤ ሰው ላይ ከሚደርሰውም እስከ 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው። የእናትዎ ጊቢ ውሻ ይኖረው ይሆናል፤ ሰፈሩ ውስጥም ባለቤት የሌላቸው ውሾች አይጠፉም። አሜሪካ ያደገች የ6 ዓመት ልጅ ውሻ ስታይ ልታቅፍ ትሮጣለች፤ ተነክሳም እንዳትቆጡ ብላ ትደብቃለች። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስተምሯት ውሻ አለመንካትን ብቻ ሳይሆን ቢነክሳት፣ ቢጭራት፣ ቢልሳት እንኳ ወዲያው መንገርን ነው፤ ብትናገር ማንም እንደማይቆጣትም ቃል ይግቡላት። ይህ ከደረሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ክትባት ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። አስቀድሞ ከመነሣትዎ በፊት የሚሰጥ ክትባትም አለ፤ በሁለት ዙር ይሰጣል። አስቀድሞ የተከተበ ልጅ ከተነከሰ በኋላ ጥቂት ተጨማሪ መርፌ ብቻ ይበቃዋል፤ ያልተከተበው ግን ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት ጭምር ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ በብዙ ታዳጊ አገሮች በቀላሉ አይገኝም። የክትባቱ ዋጋ ውድ ነው፤ የእኔ ሐሳብ ግን ለልጆች ከሚወጣው ወጪ ሁሉ ይህ የሚያስቆጭ አይደለም የሚል ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ እርስዎ ያውቁታል። ትኩስ የሆነውን፣ የበሰለውን፣ በእጅ የሚላጠውን ይብሉ፤ ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ለልጆቹ አይሆንም፤ ሰላጣ እናትዎ ቤትም ቢሆን ይቅር፤ ለተቅማጥ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦ አር ኤስ፣ በቦርሳ ይኑር። ታይፎይድና ሄፓታይተስ ኤ ክትባት አላቸው፤ ኩፍኝንም መከተባቸውን ያረጋግጡ፤ ስለ ቢጫ ወባና ስለ ማጅራት ገትር የጉዞ ክሊኒኩን ይጠይቁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጆቹ ቶሎ ቢደክሙ ወይም ራሳቸውን ቢያማቸው አይደንግጡ፤ ውሃ ያጠጧቸው፤ እንጦጦን ለሁለተኛው ሳምንት ያቆዩት።

ከከተማ መውጣት ካማራችሁ በፈጣን መንገዱ ቢሾፍቱ ደርሳችሁ ጠዋት ሄዳችሁ ከሰዓት በኋላ መመለስ ትችላላችሁ፤ የመንገዱን ሁኔታ ግን በዕለቱ ይጠይቁ። ሐይቁን ከዳር ሆነው ያዩታል እንጂ ልጆቹ ውሃው ውስጥ ባይገቡ ይመረጣል፤ በአገራችን በብዙ ሐይቆችና ወንዞች ቢልሃርዝያ የሚባል፣ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው የሚይዝ የትል በሽታ አለ። ትልቁ ልጅዎ ለምን ብሎ ከጠየቀ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ይንገሩት። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቁት። በሽታ ያለባት አገር ናት ከሚል ማስፈራሪያ ጋር መፍትሔውንም ከወንዝ ዳር ያገኘ ሰው የወጣባት አገር መሆኗን አብሮ መስማት ለ11 ዓመት ልጅ ይጠቅመዋል።

ወደ ባለቤትዎ ልመለስ። እሳቸውን በክርክር ለማሸነፍ አይሞክሩ፤ የሚጨነቁት ልጆቻቸውን ስለሚወዱ ነው፤ ከዘረዘሯቸውም ሦስት ነገሮች አንዱም ሐሰት አይደለም። ይልቅ አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሦስቱን ሳምንት ቀን በቀን ጻፉት፤ የት ታድራላችሁ፣ በምን ትሄዳላችሁ፣ ልጅ ቢታመም በመጀመሪያ የምትወስዱት ወደ የትኛው ሆስፒታል ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳቸው ስልክ የሚደወለው ለማን ነው። ሕሙምን በአውሮፕላን ማጓጓዝን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይግዙ፤ እንዲህ ያለው ማጓጓዝ ከ100 ሺህ ዶላር ሊበልጥ ይችላል፤ የተለመደው የአሜሪካ የጤና መድንም ብዙ ጊዜ አይከፍለውም። ውሉ ግጭት ያለባቸውን አካባቢዎች ይሸፍን እንደሆነ ያንብቡ። ለተጓዥ ዜጎች በነፃ የሚደረገውን የኤምባሲ ምዝገባ ይሙሉ፤ ያለ እሳቸው የምትጓዙ ከሆነም የአባታቸውን ፈቃድ የሚገልጽ በኖታሪ የጸደቀ ደብዳቤ ይያዙ። ለመሄድ አንድ ሳምንት ሲቀር ሁኔታው ከተበላሸ ጉዞው እንደሚሰረዝ ከአሁኑ ተስማሙ፤ ቀኑ ሊቀየር የሚችል ትኬት ትንሽ ቢያስጨምርም ይግዙት። ባለቤትዎ «እምቢ» ማለት የሚችሉበት ቀን ቀድሞ ከተሰጣቸው ዛሬ «እሺ» ለማለት ይቀላቸዋል።

የቀረው አጎትዎ ናቸው፤ ይህን ውይይት ኤርፖርት እስኪቀበሉዎት አያቆዩት። እዚያ ከደረሱ በኋላ፣ አበባው ታቅፎ፣ መኪናው ነዳጅ ተሞልቶ እምቢ ማለት አይችሉም። ከአሁኑ ይደውሉላቸውና ጥፋቱን ወደ ራስዎ ወስደው ይንገሯቸው። «ጋሼ፣ ያሰቡልንን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ጉዞ ልጆቹን ከአዲስ አበባ ላላርቃቸው ለአባታቸው ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሌን ልጠብቅ እንዲረዱኝ እለምንዎታለሁ» ቢሏቸው ቃል ጠብቅልኝ የተባለ ትልቅ ሰው እምቢ አይልም፤ እንዲያውም ሌላው ዘመድ ሲያስቸግርዎ የሚከላከሉልዎ እሳቸው ይሆናሉ። የኋላ ወንበሩን ልብስ እንዲያስከፍቱልዎም በዚያው ስልክ ይጠይቋቸው፤ የሚያደርጉት ነገር ሲያገኙ ቅሬታቸው ይቀላል።

የእናትዎ ስለት ከሁሉ በላይ እንደሚከብድዎ ይገባኛል። እሳቸው ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ ያድርጉ፤ ስለቱ በታመነ ሰው እጅ ሊላክ ወይም ልጆቹ ራሳቸው እስኪያደርሱት ሊቆይ ይችል እንደሆነ መልሱን ከእኔ ይልቅ ካህኑ ይሰጧቸዋል። የሚላክ ከሆነ ጃንጥላውን ወይም ሻማውን መርካቶ ሄደው እናትዎ፣ እርስዎና ሁለቱ ልጆች አብራችሁ ግዙት፤ ትንሿ ልጅ ትያዘው። የጉዞ ክሊኒኩን ቀጠሮ ግን ከመነሻችሁ ቢያንስ ስድስት ሳምንት አስቀድመው ይያዙ፤ የውሻው ክትባት ሁለት ዙር ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል።